ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለች አንዲት ፋርማሲ፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ስሟን አልጽፍም፤ ከጻፍኩ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዶርሙ በሙሉ ይጠቋቆምብኛል። የሄድኩት ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ) ልገዛ ነው። ለራሴ አይደለም ብዬ ብምል አታምኑኝም፤ ስለዚህ አልምልም።

ይህን ኪኒን ያወቅሁት ከቲክቶክ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ወጡ፣ ጠጁ፣ ከዚያ ኪኒኑ ይታይና «መልካም በዓል» ተብሎ ይጻፍበታል። በፍቅረኞች ቀን ደግሞ ከአበባው ጋር ይቀርባል። ስቄያለሁ፣ ለጓደኞቼም ልኬያለሁ። ስስቅ ከርሜ ግን እንደ ማስቲካ ባሰኘ ቁጥር የሚወሰድ ነገር መስሎኝ ቀረ። የሚያስፈራውም እርግዝና ብቻ ሆነብኝ። በኤችአይቪ ሲቀለድ አይቼ አላውቅም (ልጅ ሆነን ስለ እሱ የሰማነው ሁሉ ለቅሶ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይቀልድበታል?)።

ገብቼ መጀመሪያ የጠየቅሁት ቫይታሚን ሲ ነው። ፋርማሲስቷ፣ እናቴን የምታህል ሴት፣ ሰጠችኝና አልሄድ ስላት ገባት። ደም ግፊት ወደሚለኩበት ጥግ ወስዳ «ስንት ሰዓት ሆነው የኔ እናት?» አለችኝ። «ትናንት ማታ» አልኳት።

ስብከት አልነበረም። ኪኒኑ እንቁላል እንዳይለቀቅ የሚያዘገይ መሆኑን፣ ቀድሞ ከተለቀቀ ብዙም እንደማይረዳ ነገረችኝ። እስከ 72 ሰዓት ቢባልም በቶሎ ሲዋጥ ይሻላል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ እንደገና ይወሰዳል፤ ለነገው ደግሞ አይሠራም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጁስ ተመርምሯል?» ስትለኝ ዝም አልኩ።

ለኤችአይቪ ተጋልጠሽ ከሆነም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ አለችኝ። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ሁለቱም 72 ሰዓት ናቸው፤ እኔ ግን በቃሌ የማውቀው የቀልዱን 72 ብቻ ነበር። አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ እኮ!

ኮንዶም ጨምሪበት፣ ሁለቱንም የሚከላከለው እሱ ነው ብላ አንድ ፓኬት አወጣችልኝ። ባታወጣው ኖሮ አላየውም ነበር፤ ከካሸሩ ጀርባ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፣ ስሙን ጮክ ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ብቻ ነው የሚገዛው። ለታክሲና ለማኪያቶ የያዝኩት ብር ለሁሉም በቃኝ፤ ወደ ዶርም በእግሬ ተመለስኩ።

አንዱ ኮከብ የጎደለው በካሸሩ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ደረሰኙን እየሰጠኝ፣ ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሞ፣ «መልካም በዓል!» አለኝ። ጥቅምት ነበር። አንዱ ከኋላ ሲስቅ ሰማሁት፤ ቪዲዮውን እሱም አይቶታል ማለት ነው።

ቫይታሚን ሲው ጥሩ ነው፤ ገና አልጨረስኩትም።