ደሴ ላይ «ንጹህ ስም አለኝ» የሚላችሁን የፐብጂ ስም ሻጭ አትመኑ

የተበላሁት ትናንት ነው፤ የተሳቀብኝ ዛሬ ጠዋት። 2,500 ብር። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ግን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ ስልክ ይጠግናል፣ ዩሲ (ፐብጂ በተባለው የስልክ ጨዋታ ውስጥ የሚሠራ ገንዘብ) ይሞላል፣ የቴሌብር ቁጥሩን መስታወት ላይ በትልቁ ጽፏል፣ ገና ደጃፉ ላይ ስትደርሱ «ግባ ወንድሜ፣ አብሽር» ይላችኋል።

የፈለግኩት የተጫዋች ስም «ወሎ» ነው። በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ሰረዝ። ፐብጂ ላይ አንድ ስም የአንድ ሰው ነው፤ ቀድሞ የያዘው ካለ ለሌላው አይሰጥም። ሁላችንም ከስማችን ኋላ የልደት ዓመትና ኮተት የምንለጥፈው ለዚህ ነው። ሌላው ጨዋታ ክላሽ ኦፍ ክላንስ ቢሆን ሺህ ሰው አንድ ስም ቢይዝ ችግር የለም፣ የሚለየን ኮዳችን ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ ከስሙ ኋላ ቅጥያ አስገብቶ ጣጣውን ጨረሰው። ፐብጂ ላይ ግን የቀደመ ቀደመ ነው። ስለዚህ ንጹህ ስም ይፈለጋል፣ ለሚፈለግ ነገር ደግሞ ሻጭ ጠፍቶ አያውቅም።

ለምን ይህን ያህል ፈለግኸው ለምትሉኝ፦ ስኳዳችን አራት ነን፣ አንድ ሰፈር ሆጤ ያደግን። አንዱ ኮምቦልቻ ይሠራል፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ ሪያድ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። የምንገናኘው እዚያ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ነው። የሪያዱ ልጅ ስልኩ ተሰብሮ አካውንቱም ጠፍቶበት ነበር፤ በአዲስ አካውንት ሲመጣ «ወሎ ብለህ ፈልገኝ» ልለው ነበር የጓጓሁት።

ሻጩ ስሙን በሌላ አካውንት ይዤዋለሁ አለኝ። «እኔ ስለቀው አንተ ወዲያው ትይዘዋለህ። የስም መቀየሪያ ካርድህን አዘጋጅ።» ካርዱ 180 ዩሲ ነው፣ እሱንም ከእሱው ገዛሁ። ብሩን በቴሌብር ላክሁ፣ መድረሱን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ስልኩን ስጠኝ፣ እኔ ልጻፈው። ሰከንድ ከዘገየህ ሌላ ሰው ይነጥቅሃል።»

ሰጠሁት። ይህችን ደቂቃ ከትናንት ጀምሮ ስንቴ እንደመላለስኳት! ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እጁን አያለሁ። መጀመሪያ ትልቁን ደብሊው ጻፈ፣ ቀጥሎ ትንሿን ኦ። ከዚያ አውራ ጣቱ ወደ ግራ ሄዶ ፊደል የምታተልቀውን ቀስት ነካ። ኪቦርዱ በሙሉ ትልልቅ ፊደል ሲሆን በዓይኔ አየሁ። አንድ ነካ፤ እንደገና ቀስቷን፣ እንደገና ነካ። በመጨረሻ ኦ። ስሙ መሐል ላይ ትልቅ ፊደል ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። አየሁ እኮ! ዓይኔ አይቶ አፌ ዝም አለ፣ ምክንያቱም ልቤ ስሙ እንዳይነጠቅ ብቻ ነበር የሚፈራው። እሱም ያንን ፍርሃቴን አውቆ ነው ያጣደፈኝ። «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ መለሰልኝ። ስክሪኑ ላይ «ወሎ» ይላል። ሸዋበር እስክደርስ ስንቴ ከፍቼ እንዳየሁት።

ማታ የሪያዱ ልጅ ስሙን ጽፎ ፈለገ። አገኘ፣ የጓደኝነት ጥያቄ ላከ፣ ደስ ብሎት በድምፅ ጠበቀኝ። ሰውየው ግን እኔ አይደለሁም። የማያውቀን ሰው ነው፤ ለምን ታስቸግረኛለህ ብሎ ሰድቦ አባረረው። ያኔ ነው የገባኝ። ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል እዚያ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ ዘንግ ናቸው። ሻጩ በሁለቱ ኤል ቦታ ሁለት ትልቅ አይ ተክቶልኛል። ለዓይን ወሎ ነው፣ ለጨዋታው ግን ሌላ ቃል ነው፣ ማንም ያልያዘው። የለቀቀው ስም የለም፣ ሲጀመር በእጁ አልነበረም። 2,500 ብር የከፈልኩት በራሴ ካርድ፣ በራሴ ስልክ ለተጻፈ አምስት ፊደል ነው።

ጠዋት ሄድኩ። ሁለት ሆነው ቡና እየጠጡ ነበር። ስልኬን አሳየሁት። ቁልቁል አየኝና «ምን ይላል? እስኪ አንብበው» አለኝ።

«ወሎ ይላል።»

«ታዲያ ያነበብከውን አይደል የሸጥኩልህ?»

ጓደኛው ስኒውን ይዞ ሳቀ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሌባ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ለጨዋታው ድርጅት እንዳላመለክት ደንቡ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር በብር መሸጥ መግዛትን ይከለክላል፣ ይህን ሻጩ ከእኔ በላይ ያውቃል። የድሮ ስሜን እንኳ ልመልስ ብል ሌላ ካርድ መግዛት አለብኝ፣ ያውም እስካሁን ሌላ ሰው ካልያዘው። ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ላይ ስም የቀየረ ሰው የተወው ስም 37 ቀን ሌላ ሰው አይወስድበትም፤ እኛ ጋ ግን ጠባቂ የለውም።

መግዛቱ ይቅርባችሁ። እምቢ ካላችሁ ግን ስልካችሁን ለማንም አትስጡ፣ ፊደሉን በራሳችሁ ጣት ጻፉ፣ ብር ሳትልኩም ስሙን በሌላ ስልክ አስፈልጋችሁ የሚወጣው መለያ ቁጥር ከሻጩ አካውንት ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

ዛሬ ጠዋት እኔ ስወጣ የገባኸው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው ልጅ፦ «ስም አለ ወይ?» ስትለው ሰምቻለሁ። በንዴት ጥዬህ ሄድኩ እንጂ ልነግርህ ይገባ ነበር። ብሩን ገና ካልላክህ አትላክ።