ፓቭሎቫው ይመስገን፣ ላቬንደሩ ይቀነስ

የእህቴ ልደት በጋ ላይ ነው የሚውለው። በየዓመቱ ቸኮሌት ኬክ እንቆርጣለን፣ በየዓመቱም በሙቀቱ ክሬሙ ይፈስብናል። ዘንድሮ «በቃ፣ ሌላ ነገር እንሞክር» አለችና በአበባና በፍራፍሬ ጣፋጭ ወደሚጋግር አንድ ካፌ ይዛኝ ሄደች። ሜኑው የአትክልተኛ ማስታወሻ ነው የሚመስለው፦ ላቬንደር፣ ከርከዴ፣ ጽጌረዳ፣ በሶብላ። አራት ዓይነት አዘዝን። ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም።

ፓቭሎቫው ቀድሞ መጣ። ስሙ ከሩሲያዊቷ የባሌት ዳንሰኛ ከአና ፓቭሎቫ የመጣ ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1926 አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄዳ ጨፍራ ነበር፤ የሁለቱ አገር ሰዎች ደግሞ «ጣፋጩ የኛ ነው» እየተባባሉ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። ዱቄት አይገባበትም። የእንቁላል ነጩ ከስኳር ጋር ተመትቶ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ ይደርቃል። ማንኪያዬን ስሰካበት ቀጭኑ ቅርፊት ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ውስጡ እንደ ጥጥ ነው፤ ጥርስ ላይ ትንሽ ለጠፍ ይላል። ከላይ ስኳር የሌለው ክሬም፣ ከክሬሙ ላይ ደግሞ ፓሽን ፍሩት ከነጥቁር ፍሬው። የጋጋሪው ብልሃት እዚህ ጋ ነው። ከስር ያለው ሜሬንግ፣ ማለትም ያ የደረቀው የእንቁላል ነጭ፣ አብዛኛው ስኳር ስለሆነ ያ ኮምጣጣ ፍሬ ባይኖር ከሦስተኛው ማንኪያ በላይ አልሄድም ነበር። ክሬሙን የሚጨምሩት ከታዘዘ በኋላ ነው፤ ቀድመው ቢሞሉት ቅርፊቱ እርጥበት ስቦ ይሟሽሻል። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቅር አላለኝም።

የላቬንደር ኬኩ ግን... ኧረ በሕግ! እህቴ አንድ ጉርሻ ጎርሳ «አሁን ፎጣ ያምጡልኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሉል የሚባለው መዓዛ ሰጪ ሳሙናና ሽቶ ውስጥም በብዛት ይገባል፤ አፍንጫችን ደግሞ ላቬንደርን መጀመሪያ የተዋወቀው መታጠቢያ ቤት ነው። ስለዚህ እጅ ሲበዛበት አይማርም። እነሱ ደረቁን አበባ እንዳለ ሊጡ ላይ በትነውታል። ጥርስ ስር ሲገባ ይመራል። እኔ ቤት ስጋግር አበባውን ሞቅ ባለ ወተት ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ እጥለዋለሁ፤ ለዚያውም የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። የሎሚ ልጣጭ ቢፋቅበት ደግሞ ይብስ ያምራል። ይህንን ለአስተናጋጇ ነገርኳት። ፈገግ አለች፣ የጻፈችው ነገር ግን የለም።

የከርከዴ ኬኩ ነገር ያስቃል። ሜኑው ላይ ያለው ፎቶ ደማቅ ቀይ ነው። ሳህኑ ላይ የመጣው አናቱ ቀይ፣ ሆዱ አመድ። የከርከዴ ቀለም ሎሚ ሲያገኝ ይደምቃል፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ግን ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይሄዳል። ሊጡ ውስጥ የገባው እንዲያ ሆኖ፣ ከላይ የፈሰሰው ሽሮፕ ሎሚ ስላለበት ተርፏል። ዓይኔን ጨፍኜ በላሁት፤ ጣዕሙ ግሩም ነው። ኮምጠጥ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ያደርጋል። ለፎቶ የምትሄዱ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

መጨረሻ ላይ እንጆሪ በበሶብላ ከጽጌረዳ ክሬም ጋር። እህቴ ሰላጣ ውስጥ እንኳ ቅጠል በሹካ ለቅማ የምታወጣ ሰው ናት። ይኼኛውን ጠራርጋ ከበላች በኋላ «ምን ነበር ያለበት?» ስትለኝ ነገርኳት። አላመነችኝም፣ አስተናጋጇን ጠየቀች። የጽጌረዳ ውሃውንም በጠብታ ነው የጨመሩት፤ ላቬንደሩን የሠራውና ይህንን የሠራው አንድ እጅ ነው ብትሉኝ እኔም አላምንም።

ወንበሮቹ ጠንካራ ናቸው። መስተንግዶው ቀልጣፋ ነው፣ ሻይውም ጥሩ ነው። ለፓቭሎቫው ስል በሳምንቱ ተመልሻለሁ። የተረፈውን የላቬንደር ኬክ እንቢ እያልን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ ቦርሳዬ እስከ ዛሬ እንደታጠበ ልብስ ይሸታል።