ጎንደር ላይ ጂፕሰም ለማሰራት ላሰባችሁ፦ እኛ ያሰራነው ልጅ እንዴት ነው

ማራኪ አካባቢ ያለው የናቴ ቤት ሳሎን ኮርኒሱ ክረምት በመጣ ቁጥር ቢጫ እድፍ ያወጣል፣ ዘንድሮማ አንዱ ጥግ ጭራሽ ሆዱን ነፍቶ ወረደ። እግረመንገዳችንን ሳሎኑ ሰፊ ስለሆነ ከፍለን ለታናሽ እህቴ አንድ ክፍል እናውጣ አልን፣ በብሎኬት ይሁን ስንባል ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ልስኑ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ሰው እየኖረበት ባለ ቤት ውስጥ ምን አስጨነቀን ብለን ጂፕሰም ቦርድ (ጂፕሰሙ በሁለት ወረቀት መሀል የተጋገረ ሰሌዳ) ላይ ወሰንን።

ለማየት የመጡት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ከበር ቆመው ወደላይ አንጋጠው "በካሬ ይሄን ያህል፣ ጉልበት ብቻ ከሆነ ይሄን ያህል፣ ቀብድ ግማሽ" ብለው ነው የሄዱት። አንዱ ብቻ መሰላል አላችሁ ወይ አለና ኮርኒሱ ላይ ባለችው መግቢያ አንገቱን አስገብቶ በስልኩ ባትሪ ከላይ ከላይ ሲያይ ቆየ። ከዛ ወረደና ለናቴ "እትየ፣ ይሄ የጂፕሰም ችግር አደለም፣ ቆርቆሮው ነው የሚያፈሰው፣ አሁን ብዘጋላችሁ ሐምሌ ላይ እኔኑ ትረግሙኛላችሁ" አላት። ለካ የቆርቆሮው ምስማሮች ጎማቸው በፀሀይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አሸንዳውም በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ነው የሚመለሰው። እሱ ካልተሰራ ቀብድም አልቀበልም ብሎ ሄደ። እናቴ "ስራ የሚጠላ ሰራተኛ ደግሞ ከየት አመጣችሁብኝ" ብላ ስቃለች፣ እኔ ግን እዛው ላይ ነው ይሄ ልጅ ነው የሚሰራልን ያልኩት፣ ዋጋው ከሌሎቹ ሩቡን ያህል እንደሚበልጥ እያወኩ።

ቆርቆሮው ተጠግኖ አንድ ሁለት ከባድ ዝናብ አይተን ጠራነው። የወረደውን ጥግ በአውራ ጣቱ ተጫን ሲያደርገው ጣቱ ስምጥ አለ። ጂፕሰም ድንጋይ ነው፣ በተፈጥሮው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆን ውሃ ውስጡ ታስሮ ይዟል፣ እሳት ቶሎ የማያሳልፈውም ለዚ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ውሃ ግን ጠላቱ ነው፣ ወረቀቱ ይበሰብሳል፣ ውስጡ ይልማል፣ ሻጋታ ይይዛል። ከዚ በፊት የሰራልን ሰውዬ (ስም አልጠራም) እድፉ ላይ ስቱኮ (ቀዳዳና መገጣጠሚያ የሚሞላበት ነጭ ልስን) ለቅልቆ ቀለም ቀብቶበት ነበር የሄደው። ይሄኛው ግን የላመውን ሁሉ ደህናው እስኪገኝ ድረስ ቆረጠና አራት ማእዘን አድርጎ እስከ ብረቱ፣ ማለት ፕሮፋይሉ ድረስ ከፍቶ፣ አዲሱን ቁራጭ ፕሮፋይሉ ላይ አሰረው። አሁን የቱ ጋር እንደተቀጠለ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ፓርቲሽኑን፣ ማለት ሳሎኑን የሚከፍለውን ግድግዳ ሲሰራ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ነገር አየሁ። ቋሚ ፕሮፋይሎቹን በ60 ሴንቲ ርቀት ነው የሚተክለው፣ ለምን ስለው ቦርዱ ወርዱ 1.20 ሜትር ስለሆነ መገጣጠሚያው ብረት መሀል ላይ እንዲያርፍ ነው አለኝ። ብረት ለመቆጠብ ብለው ሰፋ የሚያደርጉት ሰዎች ቤት ነው እንግዲ ግድግዳው ሲነኩት እንደ ከበሮ የሚጮኸው። ቦርዱን መሬት አላስነካውም፣ ከስር ቁርጥራጭ እያስገባ አንድ ሴንቲ ያህል ከፍ አድርጎ ነው ያሰረው፣ ወለል በውሃ ሲታጠብ እንዳይመጠው፣ ክፍተቱን ዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚዞረው) ይሸፍነዋል። ሁለተኛውን ፊት ከመዝጋቱ በፊት ቲቪ የት ነው የምትሰቅሉት ብሎ ጠይቆን እዛ ቦታ ላይ ውስጡ እንጨት አስገባበት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ማን ይጠይቅሀል። በር አናት ላይ ደግሞ ሁለት ቦርድ በሩ ጥግ ላይ እንዲገጥሙ አላደረገም፣ አንዱን ቦርድ ጥጉን ዞሮ እንዲያልፍ አርጎ ቆረጠው፣ በር በተዘጋ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው እዛ ጋር ስለሆነ መገጣጠሚያ ካለ መሰንጠቁ አይቀርም አለ።

ረዳቱ ብሎን ሲያስገባ አጥልቆ ወረቀቱን ቀዶት ነበር፣ ልጁ በጣቱ እየዳበሰ ሄዶ የተቀደደውን ነቅሎ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ አስመታው። ብሎኑ ወረቀቱን ሳይቀድ ትንሽ ጎድጎድ ማለት አለበት እንጂ ወረቀቱን ከበሳው ምንም አልያዘም ማለት ነው፣ ቦርዱን የያዘው ወረቀቱ ነውና። እኔ ብሆን አላየሁም ብዬ በስቱኮ አልፈው ነበር ሃሃ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስቱኮውን አንዴ የቦርዶቹ መገጣጠሚያ ላይ የሚለጠፈውን ቴፕ ለማስያዝ፣ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ፣ ከዛ ሶስተኛ ነው የሚቀባው፣ በየመሀሉ በደንብ መድረቅ አለበት፣ በዛ የጎንደር ጭጋግና እርጥበት ደግሞ አንድ ቀን አይበቃውም፣ ይሄ ይገባኛል። ግን እየደረቀ እያለ አዘዞ ሌላ ስራ ይዞ ጠፋ፣ ስልክ አያነሳም፣ ሲያነሳም "መንገድ ላይ ነኝ" ነው። ቤታችን ፈርሶ ሶፋው ጓሮ ወጥቶ እየጠበቅን ያለን ሰዎች ነን እኮ! ሲመጣም በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ እቃ ልሸፍን ብሎ አላሰበም፣ ነጩ አቧራ መሶብ ውስጥ ሳይቀር ገባ፣ እናቴ "ልጄ እጅህ ወርቅ ነው፣ አቧራህ ግን ገደለኝ" ብላ እሱንም አሳቀችው። ቁርጥራጩንም ጥሎልን ነው የሄደው፣ ማን ያውጣው የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ማቴሪያል እኛ ነን የገዛነው፣ ዋጋ እዚ ብጽፍ በሳምንቱ ውሸታም ስለምሆን ይለፈኝ። ሱቅ ስትሄዱ ግን ውፍረቱን ለኩ፣ ለግድግዳ 12.5 ሚሊ ነው፣ 9.5ቱ የኮርኒስ ነው፣ እኛ ለግድግዳ ያሉንን ልጁ ሜትር አውጥቶ ለክቶ መለሰው። ጠርዙንም አንድ በአንድ እዩ፣ ከአዲስ አበባ በዛ ሁሉ መንገድ ተጭኖ ሲመጣ ጥጉ ይሰበራል (የሚገርመው የአባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ስትወርዱና ስትወጡ ገደሉ ላይ ጂፕሰም ድንጋይ አለ፣ ቦርዱ በሀገሩ አልፎ ነው የሚመጣው)። ስታወርዱ በጠርዙ አቁማችሁ ለሁለት ተሸከሙት፣ ስታስቀምጡት ግን መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ አስተኝታችሁ።

ለስራው ጥራት ከአምስት አምስት፣ ለቀጠሮ አክባሪነት ሁለት፣ እሱም በናቴ ምርቃት። ሻወር ቤቱን እርጥበት በሚችለው አረንጓዴ ቦርድ ለሱው ልንሰጠው ነው፣ ግን በዚህ ጊዜ ክፍያውን በየስራው ደረጃ ከፋፍለን፣ የመጨረሻው ስቱኮ ተፈግፍጎ እስኪያልቅ ደህና አድርገን ይዘን። ከጥምቀት በፊት ልታሰሩት ያሰባችሁ ካላችሁ ህዳር ላይ ያዙት፣ ታህሳስ ከገባ ፔንሲዮኑም ሆቴሉም ለእንግዳ ስለሚያድስ ጂፕሰም ሰሪ አይገኝም። ቀለም ግን እንዳታስቀቡት፣ እሱ ላይ እንደኛ ጎበዝ ነው።