የየቀኑ ኮንትሮል ወይስ የውጭ ሳምፕል?
ላብ የምትሰሩ ልጆች፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ምርመራ ላይ ኮንትሮላችን (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ሳምፕል) ሁሌ ያልፋል ብላችሁ አትዘናጉ። የየቀኑ ኮንትሮል ሪኤጀንት (መመርመሪያው ኬሚካል) ሲበላሽ ወይ ማሽኑ ሲዛባ እዛው ጠዋት የታካሚ ውጤት ሳይወጣ ያሳያችኋል፣ ግን በየቀኑ እኩል የምትሳሳቱ ከሆነ ላይነግራችሁ ይችላል። የውጭ ምዘናው ደሞ አንድ ዓይነት ሳምፕል ለብዙ ላብ ይላካል፣ መልሱን ሳታውቁ ሰርታችሁ ትመልሳላችሁ፣ ዜድ ስኮራችሁ (ከሚጠበቀው ውጤት ምን ያህል እንደራቃችሁ የሚያሳይ ቁጥር) ወደላይም ወደታችም ከ2 ካላለፈ ሰላም ነው፣ 3 ከደረሰ ግን ጉድ ፈላ። ችግሩ ሪፖርቱ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ላብ ደሞ ለዛች ሳምፕል ብቻ ምርመራውን ሶስቴ ይደጋግማል (ይሄ ራስን መሸወድ ነው በቃ)። ከማን ጋር እንደተወዳደራችሁም እዩ፣ አልቡሚን የሚለካባቸው ቀለሞች ይለያያሉ፤ የቢሲጂ ቀለም ግሎቡሊንንም (ሌላ የደም ፕሮቲን) ስለሚይዝ ከቢሲፒ ቀለም ከፍ አድርጎ ያነባል፣ በተለይ የኩላሊት ታካሚ ላይ። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የየቀኑን ነው የምይዘው።