ዌብ ሸለቆ ተብሎ የተሸጠልን የአስፋልት ዳር ጉዞ፦ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት

ከባሌ የተመለስኩት ትናንት ማታ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። በየሳምንቱ በቴሌግራም ማስታወቂያ እየለቀቁ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ባስ ተከራይተው ሰው የሚያሰባስቡትን የሃይኪንግ አዘጋጆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቀብድ አስገቡ፣ ቦታው ሊሞላ ነው፣ ቀሪውን ከመነሻው በፊት አጠናቅቁ የሚለውን ነገርም እንዲሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለ አመዘጋገቡ በመተረክ አላደክማችሁም።

የተሸጠልን ይህ ነበር፦ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በዌብ ሸለቆ፣ ከብት አርቢዎች ለክረምት ግጦሽ በሚወጡበት ሜዳ ላይ የሚደረግ የእግር ጉዞ፣ የድንኳን አዳር፣ የጭነት ፈረስ፣ አስጎብኚ፣ ምግብና የፓርክ መግቢያ፣ ሁሉም ተጠቃሎ ለአንድ ሰው 14,500 ብር። በነሐሴ ዝናብ ይህን ጉዞ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በባሌ ታች ያለው እርሻ በሰብል በሚሸፈንበት የዝናብ ወራት ከብቱን ወደ ላይኛው ውርጫማ ሜዳ ማውጣትና በየጊዜው ሆራ (ማዕድን ያለው የምንጭ ውሃ) ማጠጣት ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቢከርምም፣ ሸለቆው በመንጋ ሲሞላ ማየት የፈለግሁት በዚሁ ወቅት ነበር። በዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ በከብቶች መካከል ራሱን እየሸሸገ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በዚያው ሜዳ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ማስታወቂያው ሲበዛ እያየሁ ነበርና፣ ሰው ሳይበዛበት ልድረስ ብዬም ነው።

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ዲንሾ ስንደርስ አስተባባሪው ብቻውን ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገባ፣ ደረሰኝ አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ ተመለሰ፣ ለሾፌሩም በእጁ ምልክት ሰጠው። ባሱ ወደ መጣንበት ዞረ። አንዳንዶቻችን ነዳጅ ሊቀዳ ነው አልን። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን፣ ጠዋት በመስኮት እያየነው ያለፍነው የጋይሳይ ሜዳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ አስተባባሪውም በሩን ከፍቶ «ውረዱ፣ ደርሰናል» አለን።

ጋይሳይ ውብ ሜዳ መሆኑን አልክድም፤ የደጋ አጋዘኑም ከርከሮውም ከመንገዱ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ዌብ አይደለም። ወደ ዌብ የሚኬደው ከዲንሾ በሌላ አቅጣጫ፣ በእግር ወይም በፈረስ፣ ግማሽ ቀን ያህል ተጉዞ ፊንጫ አበራ ፏፏቴ ዘንድ በመድረስ ነው። እዚህ ያገኘነው ጥቂት ላሞችና በረጠበ ጋቢ የተጠቀለለ አንድ ልጅ እግር እረኛ ነበር፤ የአስተባባሪው ረዳት ልጁ ዘንድ ሄዶ የሆነ ብር እጁ ላይ አስጨበጠውና ለፎቶ እንዲቆም በትከሻው ይዞ አዞረው። ልጁ ግራ ገብቶት እኛን ያያል፣ ላሞቹ ደግሞ ወደ አስፋልቱ እየወጡ ነው።

በመካከላችን በዕድሜ ትልቁ የነበሩት ሰውዬ በትሕትና «ልጄ፣ ዌብ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ የመለሰላቸውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ተራራው ይኸው፣ ከብቱ ይኸው፣ እረኛው ይኸው። የዌብ ሣር ከዚህ ይለያል እንዴ?» ረዳቶቹ ሳቁ። ሰውዬው ዝም አሉ፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩምና ፈረሶቹስ የት አሉ ብዬ ጠየቅሁ። «በዝናብ ፈረስ አይሄድም፣ እህቴ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ከኋላው አንድ አባት ብርድ ልብስ ደርበው፣ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው መንገድ፣ በፈረስ እየሰገሩ አለፉ። ሁላችንም አየናቸው፤ እሱም አይቷቸዋል፣ ግን ፊቱ ላይ ምንም እፍረት አልነበረም። ገንዘቤን ከወሰደብኝ ይልቅ ዓይናችን የሚያየውን እንዳናምን መፈለጉ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ማታ ዲንሾ ከተማ ውስጥ አንድ ፔንሲዮን አስገቡን፤ ድንኳን ጭራሽ አልተጫነም ነበር። ከመምሸቱ በፊት ሁለት ሆነን ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ያገኘነው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ መዝገቡን ገለጠ፣ በእኛ ስም የተከፈለው የአንድ ቀን መግቢያ ብቻ እንደሆነ፣ የአዳር ክፍያ እንዳልተከፈለ፣ አስጎብኚም ሆነ ፈረስ ማንም እንዳልጠየቀ አሳየን። ፈረስ ሳቢዎቹ ሥራ አጥተው ደጅ ተቀምጠው ነበር። በማግስቱ ጠዋት አስተባባሪው «ዝናቡ ስለበረታ ለደኅንነታችሁ ስንል ፕሮግራሙን አሳጥረናል» ብሎ ወደ አዲስ አበባ አሳፈረን። የሸጠልን የክረምት ጉዞ መሆኑን ለማስታወስ የሞከረ ሁሉ «አትረብሹ፣ ሌላው ሰው ይዝናናበት» ተባለ።

ገንዘቤ እንዲመለስ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። መልእክቴ ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ እኔም ከግሩፑ ተወገድኩ። ዛሬ ጠዋት በጓደኛዬ ስልክ ሳይ የዚያ የእረኛ ልጅ ፎቶ «ከዌብ ሸለቆ የማይረሱ ትዝታዎች» በሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከሥሩም ለጳጉሜን ጉዞ ምዝገባ ተከፍቷል።

ወደ ዌብ መሄድ የምትፈልጉ መግቢያውን፣ አዳሩን፣ አስጎብኚውንና ፈረሱን ራሳችሁ ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጨርሱ። በአዘጋጅ በኩል የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ባሱ ከዲንሾ ሳይንቀሳቀስ ደረሰኙን ተቀብላችሁ አዳር የተከፈለበት መሆኑን ተመልከቱ።