ምርጥ ምድጃ፦ ሦስቱን ጉልቻ ካነሣሁ በኋላ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እየተባለ ነው ያደግሁት። ስለ ወጡ አልከራከርም። ስለ ማገዶው ግን እከራከራለሁ። በመስከረም ማብቂያ ሦስቱን ድንጋይ አንሥቼ በቦታቸው ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ተከልኩ። ዛሬ ጥር ተጋምሷል፤ በየአራት ቀኑ ስጋግር ከሃያ አምስት ጊዜ በላይ አንድጄበታለሁ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ምድጃው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ የሚሠራ ነው። አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ምጣዱን የሚያቅፍ ክብ ይሆናሉ፤ ሌሎች ሁለት ቁራጮች ከኋላ ገብተው በጢሱ መውጫ ላይ ድስት የሚጣድበትን ቦታ ይሠራሉ። ከፊት አንድ የማገዶ በር አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ ግማሹ ምጣዱን፣ ግማሹ የጋጋሪዋን ጉልበት ነበር የሚያሞቀው። እዚህ ግን በክቡ ውስጥ ታስሮ የምጣዱን ሆድ ልሶ በኋላ በኩል ይወጣል።

ባለሙያዎቹ ማገዶ በግማሽ ያህል ይቆጥባል ይላሉ። እኔ የሰው ቃል ብቻ ይዤ አልቀመጥም፤ ከጎረቤቴ ሱቅ ሚዛን ተውሼ እንጨቱን መዘንሁ። ሃያ ስምንት እንጀራ፣ ያው ምጣድ፣ ያው የባሕር ዛፍ ፍልጥ። በሦስት ጉልቻ አሥር ኪሎ ፈጀ። በምርጥ አምስት ኪሎ ተኩል። በሌላ ሳምንት ሁለቱንም ደገምሁት፤ ውጤቱ ከፊተኛው ከግማሽ ኪሎ በላይ አልተለየም። የመጨረሻዎቹን አራትና አምስት እንጀራዎች ደግሞ እንጨት ሳልጨምር በፍሙ ብቻ እጋግራቸዋለሁ። የእንጀራው ዓይን አልተለወጠም፤ እንዲያውም ሙቀቱ ዳር እስከ ዳር ስለሚደርስ ጠርዙ ሳይበስል የሚቀር እንጀራ ቀርቶልኛል።

ይህንን ግምገማ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ቁጠባው ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ለገና መጥቶ ምድጃውን አየና፣ «አክስቴ፣ ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ለምን አስፈለገ? ድሮ እኮ አያቶቻችን በሦስት ድንጋይ ሲያበስሉ ተፈጥሮን አይጎዱም ነበር» አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ስለ ሀገሩ ያስባል። ይህን ቃል ግን ከብዙ ሰው አፍ ስለሰማሁት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

እኔ የተወለድሁት ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን፣ ብርዱ በሚያንገበግብ ደጋ ነው። ከቤታችን በታች «ወይራ አምባ» የሚባል ሜዳ አለ። አንድ ወይራ የለበትም። አያቴን ወይራው የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋት፤ እሷም ልጅ ሆና አያቷን ያንኑ ጠይቃ እንደነበር ነገረችኝ። እንግዲህ ቁጠሩት። ፋብሪካ ሳይመጣ፣ መኪና ሳይታይ፣ የሕዝቡ ቁጥር የዛሬውን እሩብ ሳይሆን ወይራው አልቆ ስሙ ብቻ ቀርቶ ነበር። እኛ ልጆቹ ማገዶ ስንል እንጨት አልነበረም፣ ኩበት ነበር። በበጋ ከብቶቹን እየተከተልን እበቱን እንለቅማለን፣ እንጠፈጥፋለን፣ በግድግዳው ላይ እናደርቃለን። እርሻው ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ምድጃ ገብቶ አመድ ይሆናል። አባቴ ገብሱ ለምን ከዓመት ዓመት እንደሚያጥር ሲጨነቅ አስታውሳለሁ፤ መልሱ በእኛው ጓዳ ውስጥ እየጤሰ ነበር። እናቴ ያንን የኩበት ጢስ አርባ ዓመት ተነፈሰችው። ዓይኗ ደከመ፣ ሳሏም እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። እናቴ ቀድማ ነው ያለፈችው፤ እንዲህ ያለ ቆጠራ ውስጥ ግን ሁልጊዜ እሷን ነው የማስበው።

ይህ የእኛ መንደር ገመና ብቻ አይደለም። የነገሥታቱንም ታሪክ ተመልከቱ። ቤተ መንግሥቱ ከሚዘዋወርባቸው ምክንያቶች አንዱ የዙሪያው እንጨት ማለቁ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አንኮበርን፣ ለእኛ ቅርብ የሆነችውን ልቼን፣ እንጦጦን ተቀምጠውባቸዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተመናምኖ ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ቀረ፤ ሕንፃውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ እንግድነቱን ይናገራል። ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ብዙ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም ከንቱ አይደለም። ግን የመጣው የቀድሞው አኗኗር የነበረውን ደን በልቶ ስለጨረሰ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ ፎቶግራፎች አንሥቶ ነበር። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በእነዚያው ቦታዎች ቆመው እንደገና አነሡና ሁለቱን አነጻጸሩ። ያን ጊዜ ተራሮቹ ጥቅጥቅ ያለ ደን ለብሰው የተገኙ የሚመስለው ሰው ፎቶዎቹን ቢያያቸው ይደነግጣል፤ ብዙዎቹ የተራቆቱ ናቸው። በብዙዎቹ ቦታዎች የዛሬው ዛፍ ይበልጣል፤ ተተክሎ፣ እርከን ተሠርቶለት፣ ከከብት ተከልሎ ነው የበለጠው።

ለወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ እሱም አንድ ነገር መለሰልኝ፤ «ጓሳስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። መንዝ ውስጥ የጓሳን ሣር የአካባቢው ባለርስቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሰብሮ የገባ ይቀጣል። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀረውም ጥድ እንዲሁ ነው። ይህን አከብራለሁ። ግን አስተውሉ፤ የተረፈው ሕግና ጠባቂ የነበረው ቦታ ነው። ከተጠበቀው ቦታ ውጭ ያለውን ግን እነዚያው ሰዎች ቆርጠው አንድደውታል፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን ልጆቻቸው መብላት ስላለባቸው። የድሮ ሰው ጉዳቱ ያነሰ የሚመስለው ቁጥሩ ትንሽ ስለነበረና ሲያልቅበት የሚሄድበት ቦታ ስለነበረው ነው። እኛ የምንሄድበት የለንም፤ ማገዶዬ ከአሥር ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል መውረዱ ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ምድጃው ልመለስ፤ ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ገዢውን እበድላለሁ። ጢሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በሩና መስኮቱ ክፍት ካልሆነ ወይም ማእድ ቤቱ መውጫ ከሌለው አሁንም ዓይን ያቃጥላል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዘግይታ ነው የምትወጣው፤ ሲሚንቶው ራሱ መሞቅ አለበት። ስለዚህ አምስት እንጀራ ብቻ ለሚጋግር ቤት ጥቅሙ ያንሳል። በሩ ጠባብ ስለሆነ ግንድ መግፋት አይቻልም፤ እንጨቱ በደንብ መፈለጥና መድረቅ ይኖርበታል። በጣም ከባድ ስለሆነም አንዴ ከተተከለ ማንቀሳቀስ ይቅር። የኋላው የድስት ቦታ ሽሮ ለማፍላትና ውኃ ለማሞቅ ይበቃል፤ ዶሮ ወጥ ግን አትጠብቁበት፣ ሙቀቱ ይዋዥቃል።

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ ቅሬታው በምድጃው ላይ ሳይሆን በሻጩ ላይ ነው። መጀመሪያ የወሰድሁት ሲሚንቶው በቂ ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ስለነበር በሁለተኛው ማንደድ አንዱ ቁራጭ ተሰነጠቀ። ሰውየው መጀመሪያ አንገራግሮ በኋላ ለወጠልኝ። ስለዚህ ስትገዙ ቁራጮቹን በጣት ጥፍር ፈቅፍቋቸው፤ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ተዉት። መቼ እንደተሠራና ስንት ቀን ውኃ እንደጠጣ ጠይቁ።

መብራት በማይቋረጥበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል፣ ምንም ጥያቄ የለውም። የእኔ ሰፈር ግን መብራቱ ሊጡ በሚነሣበት ሰዓት የመጥፋት ልማድ አለው፤ ስለዚህ ምርጥ ከጓዳዬ አይወጣም። እስካሁን ሦስት ጎረቤቶቼ መጥተው ጋግረውበታል። አንዷ ወዲያው ገበያ ሄዳ ገዝታ ስትመለስ ምድጃው ከምጣዷ በሦስት ጣት ጠቦ ተገኘ፤ የምጣዳችሁን ስፋት በገመድ ለክታችሁ ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ።