የባትሪ ትራፓኖ፦ የሳጥኑ ቁጥርና የሴሉ ቁጥር

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የሚገኙት ርካሽ የባትሪ ትራፓኖዎች «21 ቮልት»፣ አንዳንዶቹም «48» ወይም «88» ይላሉ። የኋለኞቹን አትመኗቸው። ባትሪው ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በተከታታይ የተያያዙ 5 የሊቲየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2፣ በአማካይ 3.6 ቮልት ነው። አምስቱ አንድ ላይ ሲሞሉ 21፣ በአማካይ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ ስለዚህ «18» የተባለውም «21» የተባለውም ባትሪ ያው አንድ ነው።

መጠየቅ ያለበት አምፔር ሰዓቱ፣ ማለትም ባትሪው ምን ያህል ቻርጅ እንደሚይዝ ነው። 18 ቮልት በ2 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 36 ዋት ሰዓት ጉልበት፣ በ4 ደግሞ 72 ይሰጣል። ሚዛንም አይዋሽም፤ አንድ ሴል 45 ግራም ገደማ ነው። ባትሪው «6 አምፔር ሰዓት» ተጽፎበት እንደ ላባ ከቀለለ ይለፉት።

ባሕር ዛፍ ላይ ቆርቆሮ ለመምታት ትንሹ ባትሪ ይበቃል። ኮንክሪት ላይ ግን ብዙ ከረንት ስለሚስብ ባትሪው ይግላል። እንደጋለ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ዕድሜው ያጥራል፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይብረድ።

አብዛኛው ባትሪ «ሞተ» ሲባል የሞተው አንድ ሴል ብቻ ነው፤ በባትሪው ውስጥ ያለው ርካሽ ሰርኪዩት የሴሎቹን ቮልት እኩል አያደርግም። በቴስተር (ቮልት መለኪያ) አራቱ 3.9፣ አንዱ 2.1 ቮልት ካሳየ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሴሉ ላይ በቀጥታ በካውያ አይበየድም፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል። ክረምቱን ሥራ ከሌለ ባትሪውን ግማሽ ሞልቶ፣ ከትራፓኖው ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። ባለባትሪው ለጣሪያና ለበር ሥራ ይገዛ፤ ለኮንክሪት ባለገመዱ ይሻላል።